ጥበቃዎቹ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል

ጥቅምት ፱ ቀን

ጋሼ፣

ጉልበትህ ስለተሻለው ደስ ብሎኛል። "ጆሮዬ ግን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ቀርቷል" ካልክ እኔም ስልኩን ትቼ ብዕር አንስቻለሁ። በእጅ የምጽፍለት ሰው ከአንተ ሌላ የለኝም። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ባለፈው ቴምብር ስትሰጠኝ "ፍቅረኛሽ የታሰረው መቼ ነው?" ብላ አዘነችልኝ።

አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ። አዎ፣ የሕንፃ ንድፍ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ ሰው የሚተኳኮስበት ጌም እሠራለሁ። እማዬ ለጎረቤት "ልጄ ትልቅ ፎቅ እያሠራች ነው" ማለቷንም ሰምቻለሁ። አልዋሸችም። ፎቁ አለ፤ ሰባ ሁለት ወለል ነው። ኮምፒውተር ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው የዘለለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ ውስጥ አንድ ከተማ አለ፤ ከተማውን በሙሉ አንድ ድርጅት ገዝቶታል። ውሃው የሱ፣ መንገዱ የሱ፣ መብራቱ የሱ። ሰው መስኮት ሲከፍት እንኳ አስፈቅዶ ነው። ጥቂት አማፅያን ይነሱበታል። ተጫዋቹ ከአማፅያኑ አንዱ ነው፤ ሁሉን የሚያየው በሱ ዓይን ስለሆነ ከፊቱ የሚታየው የገዛ እጁና ጠመንጃው ነው። ግቡ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ መጨረሻው ፎቅ ላይ የተቀመጠውን ዳይሬክተር መጣል ነው። ያንን መሥሪያ ቤት፣ በሩን፣ ደረጃውን፣ ሊፍቱን፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር የምሠራው እኔ ነኝ።

"ታዲያ እኔ ሽማግሌው ምን ልሁን?" ላልከው፦ አንተ ሠላሳ አራት ዓመት የፋብሪካ ፈረቃ ስትቆጣጠር ኖረሃል። እዚህ አርባ አንድ ሰዎች ነን፤ አንዳችንም የማንንም በር ጠብቀን አናውቅም። ስለዚህ ጥበቃዎቼ እንጨት ሆኑብኝ። ተጫዋቹ እስኪመጣ ይቆማሉ፤ ሲመጣ ይሞታሉ። ኮምፒውተሩን የላክሁልህ ለዚህ ነው። ተከራይህ ነርሷ ትክፈትልህ። ተሳደብበት፣ ተቆጣው፣ ብቻ ያየኸውን ጻፍልኝ።

እሾህህ


ኅዳር ፬ ቀን

ለእሾኼ፣

እኛ ደህና ነን። ነርሷም ሰላም ብላሻለች።

"ስንት ገደልክ?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ማንንም አልገደልኩም።

መጀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ስገፋ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን በሩ ተገኘ። በሩ ላይ አንድ ጥበቃ ቆሟል። ነርሷ አጠገቤ ሆና "ተኩስ! ተኩስ!" ትላለች፤ እጇን አይቼ ነው እንዲህ ማለቷን ያወቅሁት። እኔ ግን ሰውየውን ማየት ያዝኩ። ጫማው አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ክፉ ድርጅት ለጥበቃ አዲስ ጫማ አይሰጥም፤ አስተካክይው። ደግሞ ስንት ሰዓት ነው የገባው? ማነው የሚተካው? ምሳ በልቷል? ይህን ሳስብ ተኮሰብኝና ሞትኩ። ተመልሼ ሄድኩ፤ አሁንም ገደለኝ። ዘጠኝ ጊዜ ሄጄ ዘጠኝ ጊዜ ሞትኩ። አልተኮስኩበትም። የጥበቃና የሠራተኛ ስም ስጠራ ዕድሜዬን ጨርሼ፣ በር ላይ የቆመ ሰው ከመሬት ተነስቼ አልገድልም። ነርሷ "አንተ ለዚህ ጨዋታ አልተፈጠርክም" ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። እኔም "እሱም በር ላይ ለመሞት አልተፈጠረም" ብዬ ጻፍኩላት።

ጥበቃ ስለሚላላበት ሰዓት ለጠየቅሽው ደግሞ እንኪ መልስ። አንድ ፋብሪካ የሚደክመው ሌሊት ይመስልሻል። አይደለም። የሚደክመው ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ፈረቃ ሲቀየር። የጠዋቱ ፈረቃ ልቡ ቤቱ ገብቷል፤ የከሰዓቱ ልቡ ገና ከቤቱ አልወጣም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል በሰው ይሞላል፤ አንዱ ሱሪ ያወልቃል፣ አንዱ ያጠልቃል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል። በሩ ላይ ያለው "ተተኪዬ መጥቷል" ብሎ ይሄዳል፤ ተተኪው "ገና ነኝ" ብሎ ቀበቶውን ይፈልጋል። ለዚያች አሥር ደቂቃ ፋብሪካው የማንም አይደለም። ይህን ሌባ ቢያውቅ ኖሮ ማሽኑን ነቅሎ በትከሻው ይዞት ይወጣ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስናገር ላንቺ የመጀመሪያዬ ነው።

አጎትሽ


ጥር ፲፩ ቀን

ጋሼ፣

ሦስት ደብዳቤ ልከህ አንድ ባለመመለሴ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። አልታመምኩም። አላገባሁም። ከእማዬ ጋርም አልተጣላሁም፤ እንዲያውም የምነግርህን አታውቅም፣ እንዳትነግራት።

ከደስታው ልጀምር። ፈረቃውን ሠራሁት። መቶ አርባ ሦስት ጥበቃዎች አሉኝ፤ ለእያንዳንዳቸው የመግቢያ ሰዓት፣ የመውጫ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት ሰጠኋቸው። ጫማቸውንም አስረጅቼዋለሁ። ሰዓታቸው ሲደርስ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይገባሉ፣ ዩኒፎርማቸውን ያወልቃሉ፣ በጓሮው በር ወጥተው ቤታቸው ይሄዳሉ። ተጫዋቹ ሰዓቱን ካወቀ አንድ ጥይት ሳይተኩስ በመካከላቸው ያልፋል።

የሞከረልን ሟቹ ነው። ሟቹ የምንለው ጌሙን እየተጫወተ ስህተት የሚፈልግልን ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሞት ስለሚውል። እዚህ አንድ ሕግ አለን፤ ሰው ሲሞክር ከኋላው ቆመን እናያለን እንጂ አንድ ቃል አንተነፍስም። ብንረዳው ጌሙን ሳይሆን እኛን ነው የሚጫወተው። ሟቹ በሩ ጋ ደረሰ፣ ቆመ፣ ጠበቀ። ጥበቃው ሰዓቱን አየና ሄደ። ሟቹ ገባ። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ዞረና "ማንንም ሳልነካ አለፍኩ እኮ! እኔ!" አለ። ሕጉ ያኔ ፈረሰ። የእግር ኮቴና የበር ድምፅ የምትሠራልን፣ ኳኳታ የምንላት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ወጣች።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ትልቁ ስብሰባ ነበር። አለቃችንን ታውቀዋለህ፣ እኔ-ነኝ የምንለውን። ለድርጅታችን ኃላፊዎች ሁሉ ፈረቃውን አሳየና "ይህ ሐሳብ የመጣልኝ አንድ ቀን ጠዋት ጢሜን ስላጭ ነው" አለ። ጢም የለውም፣ ጋሼ። ተነሳሁ። ያልኩትን አልጽፍልህም፤ አፌን ያሳደግከው አንተ ነህ፣ ገምተው።

በማግስቱ ወረቀት ሰጡኝ። ሕንፃውም ፈረቃውም የአለቃዬ ሐሳብ እንደሆነ፣ እኔ የታዘዝኩትን ብቻ እንደሠራሁ ይላል። ከፈረምኩ እቆያለሁ፤ ካልፈረምኩ እወጣለሁ። ወጣሁ። ጌሙ ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም በዝርዝር ያልፋል፤ ከዚያ ዝርዝር ስሜን ፍቀውታል። የፋቁኝ ሁለት ዓመት ከሠራሁት ፎቅ ነው። የሚቆጨኝ ወንበሩ አይደለም፤ ስሜ ነው፤ እሱን ሳላስመልስ አልተውም። ወረቀቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቅሻል ብለውኛል፤ ይጠብቃ።

አትዘንልኝ። ለአንድ ጫማ መደብር መደርደሪያ እየነደፍኩ ነው። ቆንጆ ሥራ ነው። ጠዋት ፀሐይ በመስታወቱ ይገባል፣ ባለሱቁ ሻይ ያመጣልኛል፣ የነደፍኩትን መደርደሪያ እኔ ነኝ ያሰብኩት የሚል ሰው እስካሁን አልመጣም።

እሾህህ


ጥር ፳፱ ቀን

ለእሾኼ፣

ለእናትሽ አልነገርኩም። "ፎቁ የት ደረሰ?" አለችኝ፤ "ጣሪያ ቀርቶታል" አልኳት።

"አንተስ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርመህ ታውቃለህ?" ብለሽ የጠየቅሽኝን አንብቤ ሳምንት አሰብኩበት። አዎ፣ ፈርሜ አውቃለሁ።

ክር የምትቀጥል አንዲት ሴት ነበረች። የማሽኑ መከለያ ተሰብሮ ወር ቆይቷል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ማሽኑ ሁለት ጣቷን ወሰደ። ከቢሮ ወረቀት መጣ፤ "ሠራተኛዋ በራሷ ቸልተኝነት" ይላል። የፈረቃው ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። ምክንያት ልደረድርልሽ እችል ነበር፤ እድሜዬም፣ ዘመኑም፣ ሌላም። ነገሩ ግን ፍርሃት ነው። ፈራሁ።

ሴትየዋ ከሥራ አልወጣችም፣ ሌላ ክፍል አዛወሯት። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ በበሩ ስትገባ ሰላም ትለኝ ነበር፣ በዚያችው እጇ። ሆን ብላ ነው አልልም። ያላት እጅ እሱ ነው።

ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ። ሴትየዋ ጡረታ ስትወጣ ሄጄ የፈረምኩትን ነገርኳት። "አውቃለሁ እኮ፣ ወረቀቱን አሳይተውኛል" አለችኝና ወንበር ሳበችልኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለም ሰው አለ።

እዚህ ሌላው ሰላም ነው። ነርሷ በኔ ኮምፒውተር ሰው ትፈጃለች። ቀን ሙሉ ሰው ስታክም ውላ ስትመጣ እንዲህ መሆኗ ይገርመኛል። "ስንቱን አዳንሽ ዛሬ?" እላታለሁ፣ "ሃያ አዳንኩ፣ ሰባ ገደልኩ" ብላ ትጽፍልኛለች።

አጎትሽ


የካቲት ፳፮ ቀን

ጋሼ፣

አልፈረምኩም። ይህን ካወቅክ ቆይቷል፤ ግን በእጄ ጽፌ ልላክልህ ፈለግሁ።

አሁን ተቀመጥ። የሰማኸው እውነት ነው ወይ ብለሃል። እውነት ነው፤ ኳኳታ እየሳቀች ስለነገረችኝ ግን ግማሹ አምልጦኝ ሁለት ጊዜ ነው ያስደገምኳት።

እኔ እንደወጣሁ እኔ-ነኝ "ጥበቃ ቤቱ የሚገባበት ጌም የት አገር አለ? ቆመው ይሙቱ እንጂ!" ብሎ የጓሮውን በር አስደፈነው። ፈረቃውን ግን አላወጣውም። የት እንደተጻፈ አያውቅማ! ሌላውን ሰው እንዳይጠይቅ ደግሞ ያሰብኩት እኔ ነኝ ብሏል፤ ያሰበ ሰው እንዴት ይጠይቃል? ስለዚህ ጥበቃዎቼ ሰዓታቸው ሲደርስ እንደለመዱት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይገባሉ፣ ዩኒፎርማቸውን ያወልቃሉ፣ በሩን ይፈልጋሉ። በር የለም። ይቆማሉ። ቀጣዩ ፈረቃ ይመጣል፤ እሱም ገብቶ ያወልቃል፤ እሱም ይቆማል።

ጌሙን ለእንግዶች የሚያሳዩበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሙሉ ነው። እኔ-ነኝ ራሱ ነው የሚጫወተው። በሩ ጋ ይደርሳል፣ ጥበቃ የለም። ኮሪደሩ ላይ ጥበቃ የለም። ደረጃው ላይ ዝንብ የለም። የሚተኩስበት ሰው አጥቶ እየዞረ፣ እያላበው፣ ያገኘውን በር ሁሉ ሲከፍት ልብስ መቀየሪያውን ከፈተው። መቶ አርባ ሦስት ጥበቃ፣ በካናቴራና በፓንት፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆሟል። በሩ ሲከፈት ሁሉም ዞረው አዩት። መሣሪያ የለም፣ ጩኸት የለም። ያዩታል ብቻ። እሱም ጠመንጃውን እንደደገነ ደርቆ ቀረ። ያኔ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትልቅ ሴትዮ "ልጄ፣ ይቅርታ በልና በሩን ዝጋላቸው" አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የጓሮውን በር መልሰው ቢከፍቱት ሁሉም እኩል ልውጣ ብሎ ተጣበቀባቸው። ጌሙ የሚወጣበት ቀን ደግሞ ደርሷል። ሰኞ ደወሉልኝ። "ነይና አስተካክይልን፣ ያለፈውን እንርሳ" አሉኝ። "እኔ መርሳት አልችልም፤ ስሜን ግን እናንተ ረስታችኋል" አልኳቸው። ዝርዝሩ ላይ "ሕንፃውንና ፈረቃውን የሠራች" ተብሎ ስሜ ካልተጻፈ አንድ ጥበቃ ሱሪውን አይለብስም ብዬ ዘጋሁት።

ከዘጋሁ በኋላ መልሼ እንዳልደውልላቸው ፈርቼ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ይህንን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው።

እሾህህ


መጋቢት ፳፩ ቀን

ጋሼ፣

"ማን ተሸነፈ?" ብለህ በትልቁ ጽፈሃል። ታገስ፣ እየመጣሁ ነው።

መጀመሪያ የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ ጠራችኝና "መጨረሻ ላይ ልዩ ምስጋና ብለን ስምሽን እናስገባለን" አለችኝ። "ለምኑ ነው ምስጋናው? ሻይ አፍልቼ ነው?" አልኳት። እኔ-ነኝም ነበረ። ዓይኔን አያይም። "እኔ እኮ አንቺን አልጎዳሁም" አለኝ። "እውነትህን ነው፣ ፎቁን ነው የጎዳኸው" አልኩት። እንደዚያው ተለያየን። ለአምስት ቀን ምንም የለም። መደርደሪያዬን እየለካሁ ዋልኩ፤ ለካሁ እንጂ አንዱንም ልክ አላስታውስም።

ከዚያ የሆነው እኔ የሌለሁበት ነው፤ የነገሩኝን ልንገርህ። ጌም ከመውጣቱ በፊት ዝርዝሩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ አንድ ቅጽ ይታደላል። ዝርዝሩ ላይ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍና ሥራው ምን እንደነበረ እያንዳንዱ በራሱ እጅ ይሞላል፤ ማንም አይነካበትም፣ እንደተጻፈ ይገባል። የቤቱ ደንብ ነው። ቅጾቹ ተሰብስበው ሲነበቡ ኳኳታ በሥራው ቦታ ላይ ምን ብላ ጽፋለች? "እሷ በሠራችው ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ ያሰማሁ።" ሠዓሊው፦ "እሷ ያቆመችውን ግድግዳ የቀባሁ።" መብራት የሚሠራው፣ ከኔ ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፎ የኖረው ሰውዬ፦ "እሷ በከፈተችው መስኮት ፀሐይ ያስገባሁ፤ ጠባይዋ ግን አስቸጋሪ ነው።" ሟቹ፦ "እሷ በሠራችው ኮሪደር አራት ሺህ ጊዜ የሞትኩ።" አርባውም እንዲህ ነው። አርባ ሰው እሷ፣ እሷ፣ እሷ እያለ እሷ ማን እንደሆነች የሚናገር የለም። እንዲህ ሆኖ ቢወጣ የተጫወተ ሁሉ "እሷ ማናት?" ማለቱ አይቀርም። እኔ-ነኝ "ማን አደራጃቸው?" ብሎ ጮኸ አሉ። ማንም አላደራጃቸውም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው በትከሻው አየ።

ሐሙስ ደወሉ። ስሜ ገባ፤ ሙሉ ስሜ፣ ሥራዬም እንዳልኩት። የነሱንም አንነካም ብለዋል፤ ደንቡ ደንብ ነው።

አርብ ገብቼ አራት ቀን ሠራሁ። በሩን ከፈትኩ፣ ተራ አስያዝኳቸው፣ አንድ በአንድ ቤታቸው ሸኘኋቸው። የመጨረሻው ሲወጣ ሟቹ ከኋላዬ ቆሞ "እፎይ፣ ለነሱም" አለ። ተመለሽ ብለውኝ ነበር፤ አልተመለስኩም። ከጫማ መደብሩ በላይ አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ ከኳኳታ ጋር ይዘነዋል። የራሳችንን እንሠራለን። ምን እንደሆነ ገና አናውቅም፣ ግን መስኮቱ ትልቅ ነው፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ድስት እየደበደበች ትስቃለች። ደህና ነኝ፣ ጋሼ። በጣም ደህና ነኝ።

ያለቀለትን ጌም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። የመጨረሻዋ ክፍል፣ የዳይሬክተሩ ቢሮ፣ የኔ ሥራ አይደለችም፤ የእኔ-ነኝ ናት። እስከ በሯ ድረስ ሳትተኩስ መድረስ ትችላለህ፤ እዚያ ግን መውጫው ጥይት ብቻ ነው። የስም ዝርዝሩ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አትድከም። ነርሷ ትጨርስና ታሳይህ።

እሾህህ


ሚያዝያ ፲፰ ቀን

ለእሾኼ፣

"አየኸው ወይ?" ላልሽው አሁን ልመልስልሽ። ነርሷ ትጨርስልህ ያልሽውን ግን እንዳልጻፍሽ ቆጥሬዋለሁ። የልጄን ስም በሰው እጅ አልፈልግም።

ሃያ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ጋ እደርሳለሁ፤ ጥበቃው ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል፤ እኔ እገባለሁ። ልብስ መቀየሪያውን ከፈትኩት። ሁሉም ሱሪ ለብሷል። አንዱ ዞር ብሎ አየኝና ጫማውን ማሰር ቀጠለ። እዚያ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ደረጃ፣ ሊፍት፣ ደረጃ። ጫማቸው ጥሩ አርጅቷል፤ አሁን እውነት ይመስላል። ሰባ ሁለተኛው ፎቅ ማንንም ሳልነካ ደረስኩ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል። አንቺ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ፤ ግን የፈረቃ ሰው ነኝና ጠበቅሁት። ይነሳል፣ ይሄዳል፣ የሚተካው ይመጣል አልኩ። አንድ ቀን ጠበቅሁ። በማግስቱም ጠበቅሁ። ነርሷ "ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም" ብላ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ እሱ አንድ ቀን ከዚያ ወንበር አልተነሳም። እንደዚያ ያለውን እኔም አውቃለሁ፤ ያ የፈረምኩት ወረቀት የመጣው እንዲህ ካለ ሰው ዘንድ ነበር።

ተኮስኩ።

ወዲያው ጨለመና ስሞቹ መጡ፤ ከታች ወደ ላይ ይሮጣሉ። የልጅቱን ኮቴ አየሁ፣ የሠዓሊውን ግድግዳ አየሁ፣ ጠባይዋ አስቸጋሪ ነው ያለውን አይቼ ሳቅሁ፤ እውነቱን ነው። ስምሽ ሲመጣ ዓይኔ ውሃ ሞላና ሳላነበው አለፈ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ተመልሼ ገብቼ እንደገና ገደልኩት። በሁለተኛው አነበብኩ፤ ሥራሽንም ስምሽንም፣ እስከ አያትሽ ስም ድረስ።

ሦስተኛውን ጊዜ ግን ነርሷን ጠርቼ፣ ወንበር ስቤ አስቀምጬ ነው የገደልኩት፤ እሷም ታንብብ ብዬ።

አጎትሽ